የማይገለበጥ ስፌት

እትዬ ድርብ ልብስ ስትመረምር ፊቱን አታይም። የተቀደደ ኮት የያዘ ደንበኛ ይምጣ፣ ሌላ ሰፊ ያበላሸባትን ቀሚስ የያዘች ሙሽራ ትምጣ፣ መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ትገለብጠዋለች። «ፊቱማ ለሰው ነው፤ ሆዱን አሳዩኝ» ትላለች፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ እያወረደች። ከዚያ አውራ ጣቷን ስፌቱ ላይ አሳርፋ ከዳር እስከ ዳር ትስበዋለች። ክሩ የላላበት ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቀጥ ይላል። «እዚህ ጋ ዋሽቷል» ትላለች። ማን እንደዋሸ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ልብሱን ትቶላት ይሄዳል።

ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። የሰፋችውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ስለምትመላለስበት «ድርብ» አሏት፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ «እትዬ» ጨመሩላት። እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ዛሬ ቢጠሯት ዘወር ብላም አታይ። እሷ የሰፋችው ሱሪ ባለቤቱ ይሞታል እንጂ አይተረተርም ይባላል። ይህን ሲሏት «ሟርተኛ ሁላ!» ብላ ትቆጣለች፤ በሆዷ ግን ደስ ይላታል። ደስ አይላትም የሚል ካለ እሷን አያውቃትም።

ሱቋ አንዲት ክፍል ናት። ከፊት የእግር ስፌት መኪናዋ፣ የካውያው ጠረጴዛና ያለቀ ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት አልጋና ምድጃ። ባሏ የሞተው አንድ ልጃቸው ገና በዳዴ ሳለች ነው። እንግዲህ ልጅቷን ያሳደገቻት ያቺን መኪና እየረገጠች ነው። ልጅቷ ቁልፌ ትባላለች፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። በሕፃንነቷ ከቁልፍ ጣሳው ውስጥ አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አንስታ ዋጠች። ሰፈሩ ሥራውን ጥሎ ያ ቁልፍ እስኪወጣ ጠበቀ። ሲወጣ እልል ተባለ። እትዬ ድርብ አጥባ አጥባ መልሳ ካፖርቱ ላይ ተከለችው፤ ባለካፖርቱ እስከ ዛሬ አያውቅም፣ እናንተም እንዳትነግሩት።

ቁልፌ አድጋ የጭነት መኪና ሹፌር አገባች። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ቤቱ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስታረግዝም ስትወልድም እናቷ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን፣ ያቺን ጉንጬ እያሉ የሚጠሯትን ድብልብል፣ የወለደቻት በኦፕራሲዮን ነው። ምጡ ረዘመ፣ የሕፃኗ የልብ ምት ደከመ፣ ሐኪሞቹም እያጣደፉ ወደ ውስጥ አስገቧት። እትዬ ድርብ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረችና የሕፃኗን ልብ አልሰማችም፤ የሰማችው የሐኪሞቹን የጫማ ኮቴ ነው። «ቸኮሉ» አለች በልቧ። «ትንሽ ቢታገሷት ትወልድ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ይህቺን ሐሳብ ያኔ ዋጠቻት፤ ይህቺኛዋ ግን እንደ ካፖርቱ ቁልፍ አልወጣችም።

ከሆስፒታል እንደተመለሱ የሹፌሩ እናት ልትጠይቅ መጣች። ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት፤ ምላሷ ከሽንኩርቷ ይብሳል። ሕፃኗን ታቅፋ አገላብጣ ካየች በኋላ ተነፈሰች።

«እኔ ስድስት ስወልድ ምላጭ ከጥፍሬ በስተቀር የትም ነክቶኝ አያውቅም። የዛሬ ልጆች ግን ምጥ ሳይቀምሱ እናት ይባላሉ።»

«ከስድስቱ መጥቶ የሚጠይቅዎት ግን አንዱ ነው» አለቻት እትዬ ድርብ፣ ሻይ እየቀዳች።

መልሱ መልስ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ። ቁልፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንግዳዋ ስትሄድም ቶሎ አልዞረችም። በመጨረሻ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ «እማ፣ እስኪ እዪልኝ። ያስጠላል?» አለች።

እትዬ ድርብ መነጽሯን አደረገች። ከእምብርቷ በታች ቀጭን መስመር፣ እርምጃው እኩል፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተኮማተረ። «እጁ ይባረክ!» አለች ከልቧ። «ይሄ ሰው ሐኪም ባይሆን ኖሮ እንጀራዬን ይቀማኝ ነበር።» ቁልፌ ሳቀች። ስትስቅ ቁስሉ ያዛትና «አታስቂኝ እማ፣ በሞቴ!» እያለች ደግማ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጉንጬ ገና ቆማ ለመሄድ ስትውተረተር ቁልፌ ዳግም አረገዘች። ይህን ቀድማ ያወቀችው የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ናት። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ጋዋን ሁሉ የሚሰፋት። አንድ ቀን አዲስ ጋዋኗን ወገቡን ልታስጠብብ መጣችና እጆቿን ዘርግታ መሐል ቤት ቆመች፤ እትዬ ድርብ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ትዞራታለች።

«እትዬ፣ የቁልፌን ነገር እንነጋገር።»

«ተናገሪ። እጅሽን ግን አታውርጂ።»

«ቶሎ ነው የደገመችው። ያኔ የተቀደደው ማህፀኗ ገና አልጠነከረም፤ ምጥ ሲበረታ ሊቀደድ ይችላል። እኛ ጋ ኦፕራሲዮን የለም። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ አምቡላንሷም አንዲት ናት። ስለዚህ ምጥ ከጀመራት በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላ ሄዳ እዚያው ትቀመጥ። ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ክፍል አላቸው።»

«ሄዳ ከተቀመጠችማ ይቀዷታል።»

«ሁሉንም አይቀዱም እኮ። አንዳንዷ ሁለተኛውን አምጣ ትወልዳለች። ግን ሐኪም አጠገቧ ሆኖ፣ የኦፕራሲዮኑ ክፍል ተዘጋጅቶ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።»

«ስፌቱን እኔ አይቼዋለሁ» አለች እትዬ ድርብ፣ እስፒል ከከንፈሯ እየነቀለች። «ጥሩ ነው።»

አዋላጇ ሳቋ አመለጣት። «እትዬ ድርብ! የሚታየው ሌላ፣ ያለው ሌላ!» ስትስቅ ተንቀሳቀሰችና እስፒሉ ጎኗን ጠቅ አደረጋት። «ዋይ!» «አትነቃነቂ አላልኩሽም?» ሁለቱም ሳቁ፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ። አዋላጇ ግን ስትወጣ ተመልሳ የእትዬ ድርብን እጅ ያዘች። «አደራ፣ እትዬ» አለቻት። «ተቀብያለሁ» አለች እትዬ ድርብ፣ እውነቷን ነው። ሰው ግን አደራም ሲቀበል የሚወደውን መርጦ ነው። «አንዳንዷ አምጣ ትወልዳለች» የሚለው ጆሮዋ ገባ፤ የቀረው ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ።

ከዚያ በኋላ መሄጃዋ «ነገ» ሆነ። ትምህርት ሊከፈት ነበርና ሱቁ በዩኒፎርም ተጨናንቋል፤ ቁልፌ እግሯን ዘርግታ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ደግሞ ጉንጬን ማን ይይዛታል? ሹፌሩ ከመንገድ በደወለ ቁጥር «አዋላጇ ያለችውን ስሙ» ይላል፤ እናትና ልጅ «እሺ» ይሉታል፤ ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም ወደ ሸሚዛቸው ይመለሳሉ። እትዬ ድርብ ግን የራሷ ዕቅድ ነበራት። ቀድሞ መሄድ አይደለም፣ ምጡ ሲገፋ መሄድ ነው። ሊወለድ የደረሰን ልጅ ማን ቀድዶ ያወጣዋል? የሰፈሩ ሴቶችም እንዲሁ ነበር የሚሉት። ሁሉም የሚለው ነገር ደግሞ ስሕተት ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ምጡ የጀመራት ጠዋት ነው። እትዬ ድርብ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር፤ ቁልፌ መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ የበሩን መቃን ያዘች።

«እማ፣ ወገቤን።»

«ጀመረሽ?»

«መሰለኝ።»

«ባጃጅ ልጥራ?» አለች እናት፣ ካውያውን አቁማ። ይህን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ትክክለኛው ነበር።

ቁልፌ ግንባሯን መቃኑ ላይ አሳረፈች። «አሁን ከሄድኩ እኮ ይቀዱኛል። ደግሞ እንደዚያ ልተኛ ነው፣ እማ። ደግሞ ያቺ ሴትዮ መጥታ…» ቃሉን አልጨረሰችውም። እትዬ ድርብ የልጇ ዓይን እንባ ሲያቀርር አየች። አንድ ልጇ ናት፤ እንባዋን ማየት አትችልም፣ ድሮም አትችልም ነበር።

«እስኪ ነይ» አለቻት።

አልጋው ላይ አጋደመቻትና መነጽሯን አደረገች። ቁልፌ ቀሚሷን ሰበሰበች። ሆዷ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ያ ቀጭን መስመር ነጣ ብሎ ተኝቷል። እትዬ ድርብ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ከዳር ጀምራ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ ዳር ሳበችው። ጣቷ የትም አልቆመም።

«ይይዛል?» አለች ቁልፌ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ።

«ይይዛል።»

በቃ፣ አንዲት ቃል ናት። ቁልፌ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ከሩቅ መጥቶ እናቷን «ይይዛል ወይ?» ሲል ስትሰማ ነው ያደገችው። እናቷ «ይይዛል» ያለችው ልብስ ተተርትሮ ሲመለስ ደግሞ አይታ አታውቅም። እናም አመነች። ሐኪም ቢነግራት ትጠራጠር ይሆናል፤ እናቷ ግን በስፌት ነገር አትዋሽም።

«እንግዲህ ይብሰል» አለች እትዬ ድርብ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሲደርስ ብድግ ብለን ነው የምንሄደው።»

እስከ ቀትር ቁልፌ ከስፌት መኪናው እስከ በሩ ተመላለሰች። ሲይዛት የልብሱን ገመድ ጨብጣ ትቆማለች፣ የተሰቀሉት ሸሚዞች አብረዋት ይወዛወዛሉ። ጉንጬ ከኋላዋ እየተንገዳገደች ትከተላለች፤ እናቷ ወገቧን ይዛ «እህ» ስትል እሷም ወገቧን ይዛ «እህ» ትላለች። «ይቺን ደግሞ መቼ ጀመራት?» አለች እትዬ ድርብ፤ ቁልፌ ገመዱን ይዛ እየሳቀች አማጠች። በኋላ እትዬ ድርብን የሚያንገበግባት ይህ ነው። ያ ጠዋት ደስ ይል ነበር።

ከቀትር በኋላ ምጡ በረታ። መሐሉ እየጠበበ መጣ። «እሰይ! በርቺ፣ የኔ አንበሳ!» ትላለች እናት ወገቧን እያሸች። አሁንስ ደረሰ ብላ ሻርቧን ከሚስማሩ አወረደች፣ ጉንጬን ለጎረቤት ልትሰጥ አነሳቻት። ያን ጊዜ ቁልፌ ጮኸች። የምጥ ጩኸት አልነበረም፤ እትዬ ድርብ የምጥን ጩኸት ታውቃለች።

«እማ!»

«ምን ሆንሽ? አለሁ፣ አለሁ!»

«ውስጤ… ውስጤ ተተረተረ፣ እማ።»

እትዬ ድርብ ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። «ተተረተረ» ሲሏት እጇ በራሱ ወደ መርፌው ይሄዳል። ዛሬ እጇ የሚሄድበት አጣ። ምጡም ቀጥ አለ። ጋብ ብሎ እንደሚመለስ አይደለም፣ ጭራሽ ቆመ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል «እሰይ፣ አረፈች» ብላ አሰበች፣ አፈር ይብላኝና ደስ አላት። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። አመድ መስሏል። ግንባሯን ስትነካው ላቡ ይቀዘቅዛል።

እንዴት ባጃጅ እንደጠራች አታስታውስም። ጉንጬን ለማን እንደሰጠች በኋላ ነው የተነገራት። ቁልፌን ደግፋ ስትሄድ መንገዱ ጉድጓድ ጉድጓዱን ብቻ መርጦ የተዘረጋ መሰላት፤ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ባለባጃጁን ትለምነዋለች፣ ቀስ ካለ ደግሞ ትሰድበዋለች። «ፈጣሪዬ፣ እኔን! እኔን ድፋኝ!» ትላለች። ቁልፌ ራሷን የእናቷ ደረት ላይ ጥላለች።

ጤና ጣቢያው ደረሱ። አዋላጇ እየሮጠች ወጣች፤ የለበሰችው ያንን ወገቡ የጠበበ ጋዋን ነው። የልብ ማዳመጫዋን የቁልፌ ሆድ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ወደ ግራ አደረገችው። ወደ ታች አደረገችው። ወደ ቀኝ መለሰችው። ቀና አላለችም።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«ጠዋት» አለች እትዬ ድርብ።

«ጠዋት!» አለች አዋላጇ። ብትሳደብ ይሻል ነበር። ወዲያው ግሉኮስ ሰካችላት፣ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፣ አምቡላንሷን ጠራች። አምቡላንሷ ግን ሌላ ወላድ ይዛ ሄዳለች፤ እየተመለሰች ነው ተባለ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ በመንገዱ ጫፍ አቧራ ይነሣ እንደሆነ ይመለከታል። እትዬ ድርብ የልጇን እግር ይዛ ታሻለች፤ እግሯ እየቀዘቀዘ ነው፣ ስታሸው ይሞቃል፣ ስትተወው ይቀዘቅዛል። አቧራው ሲነሣ አዋላጇ ጋዋኗን ሳታወልቅ አብራ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች፤ እጇ ሲዝል በሌላኛው እጇ ትደግፈዋለች። ያን ቀን ልብሷን ሲለኩላት እንደቆመችው ማለት ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያው አግዳሚ ወንበር ነበር። ያው የጫማ ኮቴም ነበር። እትዬ ድርብ ተቀመጠች። አሁን «ፍጠኑ» ትላለች በልቧ፣ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ፣ አትዘግዩብኝ።»

ሐኪሟ ስትወጣ የቆቧ ላስቲክ ግንባሯ ላይ መስመር ሠርቷል። አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ሐኪም መጥቶ ከተቀመጠ ነገር አለ፤ እትዬ ድርብ ይህን ማንም ሳይነግራት አወቀች።

«እናቴ፣ ልጅዎ በሕይወት አለች።»

«ተመስገን።»

«ሕፃኑን ግን አልደረስንበትም። ወንድ ነበር። ማህፀኗንም ማውጣት ግድ ሆነብን፤ የተቀደደው ብዙ ነው፣ ደሙ አልቆም አለን። ከእንግዲህ አትወልድም።»

እትዬ ድርብ እጇን አየች። አውራ ጣቷን አየችው።

«ስፌቱን አይቼው ነበር እኮ፣ ዶክተር» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «ጠዋት በእጄ ነክቼዋለሁ። የትም አልላላም። ጥሩ ነበር።»

«እርስዎ የነኩት የቆዳውን ነው» አለች ሐኪሟ፣ በቀስታ። «ማህፀኑ ከሥሩ ነው፤ የራሱ ሌላ ስፌት አለው። የተተረተረው እሱ ነው።»

«ሁለት ነው ስፌቱ?»

«ከሁለትም በላይ ነው። የውስጡን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም፣ እናቴ። እኔም አላውቅም። ምጥ ሳይጀምራቸው ይምጡ የምንለው ለዚህ ነው።»

ሐኪሟ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋት ሄደች። እትዬ ድርብ እዚያው ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ «ፊቱማ ለሰው ነው» ስትል የኖረች ሴት፣ የማንንም ኮት ሳትገለብጥ ያላለፈች ሴት፣ የገዛ ልጇን ስፌት በፊቱ ብቻ አይታ ፈረደችባት። ሰው አይገለበጥም። ይህን የሚያውቅ ስንት ሞኝ አለ፣ እሷ ግን አላሰበችውም። ሻርቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ቁልፌ ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። እናቷን ፈለገች፣ አገኘቻት።

«አለቀሰ?» አለች።

እትዬ ድርብ የአንሶላውን ዳር ማስተካከል ጀመረች። ቁልፌ ጠበቀች። ከዚያ መጠበቁን ተወችና ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ በጨፈነችው ዓይኗ ሥር ወደ ጆሮዋ ወረደ። እትዬ ድርብ በሻርቧ ጫፍ እየጠረገች፣ እየጠረገች፣ ያ እንባ አላልቅ አላት።

ሹፌሩ ከነአቧራው ደረሰ። ደም ሰጠ፣ ከዚያ የአልጋውን እግር ይዞ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ትልቅ ሰው። ልጁን ወስዶ የቀበረው እሱ ነው። ሕፃኑ አያቱ የሰፋችለትን ሸሚዝ ለብሶ ተቀበረ። እሱም ድርብ ስፌት ነበር።

በማግስቱ የሹፌሩ እናት መጣች። ገና ከበሩ «እነዚህ ቀዳጆች!» ብላ ጀመረች። «ሰው ጤነኛ ይዞላቸው ይሄዳል፣ እነሱ ባዶ አድርገው ይመልሳሉ! ሐኪም ናቸው እነዚህ?» አጠገብ ያሉት ወላዶች ሁሉ ዞሩ።

«ዝም ይበሉ» አለች እትዬ ድርብ።

«ለምን ዝም እላለሁ? የልጄ ልጅ…»

«ሐኪሞቹ አይደሉም። ከጠዋት ጀምሮ ቤት ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይይዛል ያልኳት እኔ ነኝ። የሚሰድቡ ከሆነ እኔን ይስደቡ።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አማቱን አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ቁልፌን አየች፣ እትዬ ድርብን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ወጣች። ስትመለስ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ይዛ ነበር፤ መጀመሪያ የቀዳችው ለእትዬ ድርብ ነው።

ቁልፌ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ግን አልተኛችም፤ እትዬ ድርብ ልጇ ስትተኛ እንዴት እንደምትተነፍስ ታውቃለች። ሁሉንም ሰምታለች። ምንም አላለችም።

ቤት ከተመለሱም በኋላ ምንም አላለችም። እትዬ ድርብ ትጠብቃለች። ትገስጸኝ፣ ትጩህብኝ፣ ሳህን ትወርውርብኝ ትላለች በልቧ። ቁልፌ «እሺ እማ»፣ «ጠጣሁ እማ»፣ «ጉንጬ በልታለች እማ» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዝምታ ያንጀት ቁስል ነው፣ እመኑኝ። ሱቁ ተከፈተ፤ ዩኒፎርሞቹ ዘግይተውም ቢሆን አለቁ። ግን እትዬ ድርብ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ደንበኛ «ይይዛል ወይ?» ሲላት «እንግዲህ እናያለን» ማለት ጀመረች። እትዬ ድርብ! ሰዎች መንገድ ላይ እርስ በርስ «ምን ሆና ነው?» ተባባሉ። የሰሙት ግን ዝም አሰኟቸው።

ክር የሚወጣበት ቀን አልፎ፣ ፋሻው ተነሥቶ፣ ቁልፌ ገላዋን እንድትታጠብ ተፈቀደላት። እትዬ ድርብ ውሃ አሞቀች፣ የሱቁን በር ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። ልጇን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን አጠበች፣ ክንዷን አጠበች። ጉንጬ አልጋው ላይ ተቀምጣ በቁልፍ ጣሳው ትጫወታለች፤ ጣሳው ክዳኑ በሽቦ ታስሯል፣ ቁልፉ ከተዋጠበት ዘመን ጀምሮ። የቁልፌ ሆድ ጋ ስትደርስ የእትዬ ድርብ እጅ ዘገየ። አዲሱ መስመር በአሮጌው ላይ ነው የሄደው፤ ቀይ ነው፣ ግን እኩል ነው፣ ዳሩም አልተኮማተረም። ሆዷ ከሥሩ ጎድጎድ ብሏል።

ቁልፌ የእናቷን ዓይን ተከትላ ወደ ታች አየች።

«እማ» አለች። «እንዴት ነው? ስፌቱ?»

መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ድርብ አላደረገችውም። አውራ ጣቷን ወደዚያ ልታሳርፍ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«እንጃ፣ ልጄ» አለች። «እኔ የማየው ከውጭ ነው።»

ጣሳው ውስጥ ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። ቁልፌ የእናቷን እርጥብ እጅ ያዘችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፣ ደክሟት ብቻ ነበር።

«ምናለ ያኔም እንዲህ ብለሽኝ ቢሆን።»

እትዬ ድርብ እጇን አልነጠቀችም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለቱም እንደዚያው ቆዩ።